ድምፅ አልባ አስፈሪ ፊልም በቀጥታ ሙዚቃ ሲታጀብ

የድምፅ አልባ ፊልም ስሙ አንድ፣ ቅጂው ግን ብዙ ነው። ጣት ቁልፍ ላይ ከማረፉ በፊት በዕለቱ የሚታየውን ቅጂ ራሱን ከአዘጋጆቹ ተቀበሉ። ሌላ ቦታ ባገኛችሁት ቅጂ ተለማምዳችሁ ከሄዳችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው አንዴ ምስሉን ይቀድማል፣ አንዴ ይከተላል፤ መቼም አይገጥምም። ‹ዘ ፋንተም ኦፍ ዚ ኦፔራ› በ1925 ታየ፤ ባለድምፅ ፊልም ገበያውን ሲይዝ ደግሞ ስቱዲዮው ቆራርጦ፣ አንዳንዱን ትዕይንት እንደገና ቀርጾ በ1930 አወጣው። ዛሬ ጥራት ያለው ሆኖ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸኛው ነው። ‹ኖስፌራቱ›ም (1922) እንዲሁ ነው። ፊልሙ የተወሰደበት የ‹ድራኩላ› ደራሲ የብራም ስቶከር መበለት ባቀረበችው ክስ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ፍርድ ቤት አዝዞ ስለነበር፣ አሁን የምናያቸው ከየአገሩ ከተረፉት ተገጣጥመው የታደሱ ናቸው። በአንዱ ቅጂ ካውንት ኦርሎክ የሚባለው ደም መጣጭ በሌላው ድራኩላ ነው። በትዕይንቶች መሐል ንግግሩ ተጽፎባቸው የሚታዩት ካርዶች ጽሑፍም፣ ካርዶቹ ስክሪኑ ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ይለያያል።

ቀጥሎ ፍጥነት አለ። ካሜራው በእጅ ይዘወር ስለነበር በሰከንድ የሚቀረጸው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ከፊልም ፊልም ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 24 ባለው ውስጥ ነው። 1,000 ጫማ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 16,000 ፍሬም ይይዛል። በሰከንድ 16 ፍሬም ሲሄድ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በ18 ሲሄድ 14 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ፣ በ24 ሲሄድ ደግሞ 11 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይፈጃል። በ18 ፍጥነት 90 ደቂቃ የሚሆን ፊልም በ24 ቢለቀቅ በ67 ደቂቃ ተኩል አለቀ ማለት ነው። ዲጂታል ፋይል ሲሆን ነገሩ የተረጋጋ ይመስላል፤ ቢሆንም ለ24 ፍሬም የተዘጋጀ የ90 ደቂቃ ፋይል በ25 ሲጫወት 86 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ስትደርሱ ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ተበልጣችኋል። ለአዘጋጁ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ በዕለቱ ማሽን፣ በዕለቱ ፋይል፣ ከርዕስ ካርዱ እስከ መጨረሻው ካርድ ስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ ነው? «አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ» የሚል መልስ ተቀብላችሁ አትሂዱ።

ሰዓት መቁጠሪያችሁን ከፊልሙ ርዕስ ካርድ ጋር አስነሡ። በታደሱ ቅጂዎች ፊት የአርካይቭና የእድሳት መግለጫ አለ፤ ርዝመቱም ከቅጂ ቅጂ ይለያያል፤ አንዳንድ ጊዜም ማሳያውን የያዘው ባለሙያ ይዘለዋል። ከዚያ የቆጠረ አጃቢ ገና ሳይጀምር ተሳስቷል።

ለዝግጅት ፊልሙን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለ አንዳች ድምፅ እዩት። ዲስኩ ላይ ያለውን የሌላ ሰው ሙዚቃ አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰሙት ከጆሯችሁ አይወጣም፤ የራሳችሁን ለመፍጠር ስትታገሉ የእሱን ዜማ ስታንጎራጉሩ ትገኛላችሁ። በመጀመሪያው ዙር እስክሪብቶ አትያዙ፤ የት እንደፈራችሁና የት እንደሰለቻችሁ ብቻ አስተውሉ። በሁለተኛው ሰዓት ይዛችሁ መዝግቡ። በሦስተኛው እጃችሁን ቁልፎቹ ላይ አድርጋችሁ፣ ሳትመቱ፣ ምስሉን ተከተሉ።

ማስታወሻው አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ ሰዓት፣ የሚታየው ነገር፣ የምትጫወቱት፣ የድምፁ ጉልበት ከ1 እስከ 10። ለ90 ደቂቃ ፊልም ከ40 እስከ 60 መስመር ቢኖር ደህና ነው። ከዚያ ከበዛ ዓይናችሁ ከስክሪኑ ወደ ወረቀቱ ይሸሻል፤ ይህ ደግሞ ትልቁ ስሕተት ነው። ‹ኖስፌራቱ› ውስጥ የካውንቱ እንግዳ የሑተር መኝታ ክፍል በር በራሱ የሚከፈትበትን ቦታ አንድ መስመር ሲይዘው ይህን ይመስላል፦ «በሩ ራሱ ይከፈታል — ዝም — የካውንቱ እግር ደፉን ሲያልፍ ዝቅተኛ ሬ፣ ነጠላ — 2»። ከዚህ በላይ አይጻፍም። ፊደሉ ከአንድ ሜትር ርቀት በደብዛዛ ብርሃን የሚነበብ፣ ወረቀቱም ሲገለበጥ የማይንኮሻኮሽ ይሁን።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ አዲስ ነገር አይደለም። በዘመኑ ስቱዲዮዎች ከፊልሙ ጋር የሙዚቃ ጥቆማ ወረቀት ይልኩ ነበር። የኦርኬስትራ መሪው ኤርኖ ራፔ በ1924 ለፒያኖና ለኦርጋን አጃቢዎች ባሳተመው መጽሐፍ በየገጹ ጠርዝ የስሜቶች ዝርዝር ከገጽ ቁጥር ጋር ተደርድሯል፤ አጃቢው ትዕይንቱ በድንገት ሲለወጥበት በአንድ እጁ እየተጫወተ በሌላው ገልጦ እንዲያገኝ ነው። ይኸው ራፔ በ1921 ከቴአትር አስተዳዳሪው ሳሙኤል ሮትሃፌል ጋር ሆኖ በኒው ዮርኩ ካፒቶል ቴአትር ‹የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔ›ን ሲያሳይ፣ ከተለመደው የአስፈሪ ትዕይንት ሙዚቃ ወጥቶ ከዘመናዊዎቹ አቀናባሪዎች ከሾንበርግ፣ ከደቡሲ፣ ከስትራቪንስኪና ከፕሮኮፊየቭ የተውጣጣ አጃቢ ለኦርኬስትራው አዘጋጀ። ጠማማ ቤትና የተቀባ ጥላ ባለበት ፊልም ላይ ቀጥ ያለ ዜማ አይቆምም፤ እነሱ ይህን የገባቸው ፊልሙ ገና አዲስ ሳለ ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚይዘው የመጀመሪያው መሣሪያ ዲሚኒሽድ ሰቨንዝ ኮርድ (በእኩል ርቀት የተቀመጡ አራት ድምፆች) ነው፤ በግራ እጅ እያንቀጠቀጡ መምታት። ችግሩ ሒሳብ ነው። ኮርዱ አሥራ ሁለቱን ድምፆች በአራት በአራት ስለሚከፍል፣ ያሉት በጠቅላላው ሦስት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሦስቱንም ትጨርሱና ከዚያ በኋላ መዞር ብቻ ነው። ተመልካቹም ይህን ድምፅ ከቀልድ ፊልም ያውቀዋል፤ ባቡር ሐዲድ ላይ የታሰረች ሴት ትዝ ትለውና ይስቃል። ብትጠቀሙበት አንድ ጊዜ፣ እሱም ሽግግር ላይ ይሁን። ለፍርሃት የሚጠቅመው ቀለል ያለ ነገር ነው፦ አንድ ዝቅተኛ ድምፅ በፔዳል ተይዞ፣ ከላዩ በግማሽ ቶን የሚጋጭ ሌላ ድምፅ ሁለት ሦስት ኦክታቭ ርቆ፣ በጣም በቀስታ። በመካከላቸው ምንም አታስገቡ። ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ለአንድ ፊልም ሦስት መለያ ዜማ ከበቂ በላይ ነው። የጭራቁ መለያ ሁለት ኖታ ቢሆን እንኳ ይሆናል፤ እንዲያውም ቢያጥር ይሻላል፤ ከሌላ ዜማ ሥር ሊደበቅ ይችላልና። የምንመክረው ጭራቁ ከመታየቱ በፊት እንድትጫወቱትና እሱ ሲታይ እንድታቆሙት ነው። ካውንት ኦርሎክ ፊልሙ ላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጊዜ የሚሞላው መምጣቱ ነው። ሙዚቃው መምጣቱን ሲናገር ምስሉ መድረሱን ይናገር። ሁለቱም አንዱን ነገር እኩል ሲናገሩ አንዳቸው ትርፍ ናቸው።

ጉልበትን በተመለከተ፣ ከ8 በላይ የሚወጣውን ድምፅ በመላው ፊልም ለሦስት ቦታ ብቻ መድቡና ማስታወሻችሁ ላይ በቀይ አክብቡት። አብዛኛው አጃቢ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ 8 ላይ ይደርሳል። የቀረው ሰዓት መንደቅደቅ ይሆናል።

አሁን ሁለት ሦስት ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። በ‹ፋንተም› ዘፋኟ ክሪስቲን የፋንተሙን የኤሪክን ጭምብል የምትገፍፍበት ትዕይንት ለአጃቢ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ኤሪክ ራሱ ኦርጋን እየተጫወተ ነውና። ተመልካቹ እጆቹን ያያል፤ እናንተ የምትጫወቱትም እሱ የሚጫወተው መሆን አለበት። እሱ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ ተቀምጧል፤ እሷ ከኋላው ቀስ ብላ ትቀርባለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ትመልሳለች፣ ደግሞ ትዘረጋለች። እዚህ ላይ ስሕተቱ እጇ በተዘረጋ ቁጥር ሙዚቃውን ማወጣጠር ነው። ኤሪክ አላያትም፤ ስለዚህ ሙዚቃውም አላያትም። በ5 ጉልበት፣ በእኩል ምት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተጫወቱ። ከተቻለ ዜማው ደስ የሚል ይሁን። ጭምብሉ ሲወልቅ ዜማውን ሐረጉ መሐል ላይ ቁረጡት፤ ሐረጉን ጨርሳችሁ ልታቆሙ ከሞከራችሁ ዘግይታችኋል። እግራችሁ ከጣታችሁ እኩል ከፔዳሉ ይነሣ፤ አለዚያ የቀረው ጉምጉምታ ቁርጡን ያደበዝዘዋል። ብዙዎች እዚህ ቦታ ላይ ትልቁን ኮርድ ይመታሉ። ነገር ግን ከዚህ በፊት ሙዚቃ እየሄደ ስለነበር ኮርዱ እንደ ቀጣዩ ምት ይሰማል እንጂ አያስደነግጥም። ደግሞም ድንጋጤው ሁለት ነው፤ መጀመሪያ ፊቱን የምናየው እኛ ነን፣ እሷ የምታየው ዞር ሲል ነው። የመጀመሪያውን ለዝምታ ተዉት። እሱ ዞሮ እሷ ስትወድቅ ከታችኛው ኦክታቭ በመዳፍ ተነሡ፤ ከ3 ጀምራችሁ እስከ 9። ከሦስቱ ቀይ ክበብ አንዱ ይኸ ነው።

በዚሁ ፊልም የኦፔራው መድረክ ላይ የሚቀርበው የጉኖ ‹ፋውስት› ነው። ኦፔራ የሚያውቅ ተመልካች ካለ ይጠብቀዋል፤ ከውስጡ የጌጣጌጡን ዘፈን ጥቂት መስመር ብታውቁ አይጠፋባችሁም። ከንፈር ለማስማማት ግን አትድከሙ፤ አይገጥምም፤ የትዕይንቱን መነሻና መድረሻ ከያዛችሁ በቂ ነው።

የሰዓትና የደወል ነገር ሌላ ወጥመድ ነው። ‹ኖስፌራቱ› ውስጥ ሑተር በካውንቱ ማዕድ ተቀምጦ ሳለ ዐፅም የተቀረጸበት ሰዓት እኩለ ሌሊትን ይመታል፤ እሱም ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱን ይቆርጣል። አሥራ ሁለቱን ምት በሁለት ሁለት ሰከንድ ብትቆጥሩ 24 ሰከንድ ይሆናል፤ ሰዓቱ ስክሪን ላይ ይህን ያህል አይቆይም። ሰዓቱ ሲታይ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ምቱ፤ ምስሉ ወደ ማዕዱ ሲመለስ ተዉት። ቁጥሩን ተመልካቹ በልቡ ይጨርሰዋል። ጣቱ ሲቆረጥ ምንም አትጫወቱ፤ ድምፁ የሚመጣው ካውንቱ ደሙን ሲያይ ነው። በ‹ካሊጋሪ› ደግሞ ዶክተሩ ድንኳኑ ፊት የእጅ ደወል ያቃጭላል። እውነተኛ ደወል ይዛችሁ ብታቃጭሉ መጀመሪያ ያምራል፤ ከዚያ ግን ተመልካቹ የበሩን መንኳኳት፣ የእርምጃውንም ድምፅ መጠበቅ ይጀምራል። ያሰባችሁት አጃቢነት ድምፅ ማስመሰል ይሆንባችኋል። የእኛ ደንብ፦ ሰዓትና የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ይሰማል፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ሌላ ደንብ ብትመርጡም ግድ የለም፤ መሐል ላይ ግን አትለውጡት።

በ‹ካሊጋሪ› ሣጥን ውስጥ የሚተኛው ሴዛሬ ዐይኑን የሚከፍትበት ቅርብ ምስል የሚሠራው በመቀነስ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት አምስት ኖታ ያለው ሰፊ ኮርድ ያዙ። ከላይ ጀምራችሁ ጣቶቻችሁን በየሦስት አራት ሰከንዱ አንድ በአንድ አንሡ። ይህ የሚሠራው የሰስቴይን ፔዳሉ ሳይረገጥ ነው፤ ተረግጦ ከሆነ ጣት ቢነሣም ድምፁ አይነሣም። ዐይኑ ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ የታችኛዋ ኖታ ብቻ ቀርታ እየሞተች ትሆናለች። ፒያኖ ላይ ላይኛው ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ የምታስቀሯት ኖታ ከመካከለኛው ዶ በታች ትሁን።

ስለ ዝምታ ካነሣን፦ አምስት ሰከንድ አዳራሽ ውስጥ ረጅም ነው። ስምንት ሰከንድ ሰውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል። ከአሥራ አምስት ካለፈ የማሳያው ማራገቢያ ይሰማል፣ ሰው ይስላል፣ «አጃቢው ጠፋበት» ይባላል። ዝምታን በምስል ቁርጥ ላይ ጀምሩ፤ ጽሑፍ ካርድ ላይ አትጀምሩት፤ ተመልካቹ እያነበበ ስለሆነ አያስተውለውም።

የአስፈሪ ፊልም አጃቢ ዋና ጠላት ሳቅ ነው። ተዋንያኑ በእጅና በዐይን አብዝተው ስለሚናገሩ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ሰው መሳቁ አይቀርም። ሳቁን በቀልደኛ ዜማ ከመለሳችሁለት እስከ መጨረሻው ትታገሉታላችሁ። በጩኸት ልታፍኑትም አትሞክሩ። ጉልበቱን ቀንሱ፣ ምቱን አዘግዩ፣ በቁም ነገር ቀጥሉ፤ ለመስማት ሲል ራሱ ይበርዳል። ‹ኖስፌራቱ› ውስጥ ኖክ የሚባለው ሰው ዝንብ ይዞ የሚበላበት ላይ ግን ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ ቦታው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስብበትም፤ እሱም ቀለም ነው። የዚያ ዘመን የሌሊት ትዕይንት ብዙ ጊዜ በቀን ተቀርጾ፣ ፊልሙ ሰማያዊ ቀለም ተነክሮ ነው ሌሊት የሚሆነው። ቀለሙ በጠፋበት ጥቁርና ነጭ ቅጂ ጭራቁ በጠራራ ፀሐይ ሬሣ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲሄድ ይታያል፤ ሰውም ይስቃል። እንዲህ ያለ ቅጂ ከደረሳችሁ ሌሊቱን የምታመጡት እናንተ ናችሁ። ከቀኑ ትዕይንት የሚለይ አንድ የተወሰነ ዝቅተኛ ድምፅ ለሌሊት መድቡና ሌሊት በሆነ ቁጥር ከሥር አኑሩት።

መሣሪያውን በተመለከተ፣ የቁም ፒያኖና ግራንድ ፒያኖ ለዚህ ሥራ አንድ አይደሉም። በግራንዱ ቁልፉ ከግማሽ በላይ ሳይመለስ መዶሻው ዳግመኛ ይመታል፤ በቁሙ ፒያኖ ቁልፉ ወደ ላይ ሊደርስ እስኪቃረብ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ቀጭን የማንቀጥቀጥ ድምፅ በቁም ፒያኖ ስትሞክሩ ኖታዎቹ ይዘለላሉ። መፍትሔው አንዱን ኖታ በሁለት እጅ እየተፈራረቁ መምታት፣ ወይም ፍጥነቱን ቀንሶ ፔዳሉ እንዲያገናኘው መተው ነው። ኦክታቭ ስታንቀጠቅጡ ክርናችሁ ዘና ብሎ ክንዳችሁ እንደ በር መክፈቻ ቁልፍ ይዙር፤ በጣት ብቻ ከሠራችሁት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ክንዱ ይደርቃል፣ ፊልሙ ግን ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል።

ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ከሆነ 88 ቁልፍ ያለው፣ ክብደት ያለው ይሁን፤ የፔዳሉን ሶኬት ከማብራታችሁ በፊት ሰኩ፣ ሲበራም አትርገጡት። ያለዚያ ፔዳሉ ተገልብጦ ሳይረገጥ ይይዛል፣ ሲረገጥ ይለቃል። በውስጡ ያለውን «የመዘምራን» ድምፅ ተዉት። የሲኒማ ኦርጋን ካገኛችሁ ደግሞ ትሬሙላንቱን አጥፉ፤ የሚንቀጠቀጠው ድምፅ ለፍቅር ትዕይንት ያምራል፣ ሲጠፋ ግን ኖታው በድን ይሆናል፤ ለአስፈሪ የሚፈለገውም እሱ ነው። የ32 ጫማ ቧንቧ ካለው የታችኛው ዶ 16 ኸርዝ ገደማ ነው፤ በጆሮ ከመሰማት ይልቅ በወንበሩ በኩል ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት።

ጥቂት ተጨማሪ ነገር ለሚፈልግ፦ የምትነጥር የጎማ ኳስ ቀጭን እንጨት ላይ ሰክቶ በትልቅ ከበሮ ቆዳ ላይ መጎተት የሰው ማቃሰት የሚመስል ድምፅ ያወጣል። ሲምባል በቼሎ ደጋን ሲጎተት ያፏጫል፤ ደጋኑ በደንብ የደጋን ሙጫ (ሮዚን) ይቀባ፣ ወደ ጠርዙም ቀጥ ብሎ ይቁም። ፒያኖ ገመድ መሐል ብሎን ወይም ላስቲክ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ያስፈቅድ። ይህን ስንል ማስጠንቀቂያም አለን፤ እነዚህ ድምፆች ሁለት ሦስቴ ከተሰሙ በኋላ ሰው መሣሪያውን ማየት ይጀምራል፣ ስክሪኑን ይተዋል።

አዳራሹ ውስጥ አስቀድማችሁ ግቡ። ከማንኛውም ነገር በፊት የማሳያውን የድምፅ ገመድ ንቀሉ። ዲስኩ ወይም ፋይሉ የራሱ ሙዚቃ አለው፤ «ድምፁን ዝቅ አድርጌዋለሁ» የሚል ባለሙያ መሐል ላይ ሌላ ቁልፍ ነክቶ ሙሉ ኦርኬስትራ ሊያስነሣባችሁ ይችላል። የተነቀለ ገመድ አይረሳም። ከመሣሪያው ወንበር ላይ ሆናችሁ የስክሪኑን አራት ማዕዘኖች ማየት መቻላችሁን አረጋግጡ። በጣም ከጎን ከሆነ ምስሉ ይጠብባል፤ በጣም ከቀረባችሁ አንገት ይዞ እስከ ሦስተኛው ክፍል አያደርስም። ትንሽ ማሳያ አጠገባችሁ ብታስቀምጡ ከዋናው ገመድ የተከፈለ ይሁን እንጂ ለብቻው የሚጫወት ኮምፒውተር አይሁን፤ ሁለቱ ቀስ እያሉ ይለያያሉ። ከገመዱ የተከፈለውም ጥቂት ፍሬም ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ድንገተኛ ቁርጥ ያለበትን ቦታ አስጫውታችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የኖታ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ወደ ስክሪኑ የማይረጭ ይሁን። በነገራችን ላይ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ዘንድ በ18 ፍሬም ፊልም አንድ ፍሬም ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ ማንንም አይረብሽም። የሚረብሸው ቀድሞ መምታት ነው፤ ድንጋጤውን ያጋልጣል። ብትዘገዩ ይሻላል።

ከሦስት አራት ሰው ጋር ከሆናችሁ አንድ መሪ ብቻ ይኑር፤ እሱም ስክሪኑን የሚያይ፣ ሌሎቹ እሱን የሚያዩ። በጆሮ የሚገባ የምት ድምፅ ለተጻፈ ሙዚቃ ይጠቅማል፤ ፊልሙ በሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ከተነሣ ግን አራታችሁም አብራችሁ ትሳሳታላችሁ። ምልክት አራት ይበቃል፦ ጀምር፣ ቀንስ፣ ቁረጥ፣ ወደሚቀጥለው እለፍ።

ምስሉ ቢቋረጥ ወይም ቢቆም አታቁሙ። ዝቅተኛውን ኖታ በ2 ጉልበት ይዛችሁ ጠብቁ፤ ዜማ አትጀምሩ፤ ዜማ ከጀመራችሁ ምስሉ ሲመለስ መሐሉ ላይ ይጥላችኋል። ሲመለስ የቆመበት ላይሆን ስለሚችል ሰዓቱን እርሱትና የሚመጣውን ጽሑፍ ካርድ ጠብቁ። ለዚህ ሲባል ማስታወሻችሁ ላይ የየካርዱን የመጀመሪያ ሁለት ቃል ጻፉ፤ ቦታችሁን በዚያ ታገኛላችሁ፤ መቁጠሪያውንም ከዚያ ካርድ አጠገብ ከተጻፈው ሰዓት እንደገና አስነሡት።